የንግድ ቤት የግድግዳ ሥዕል ቁጥጥር በአቃቂ ቃሊቲ

የንግድ ቤት የግድግዳ ሥዕል ቁጥጥር ማለት በሱቅ፣ በሆቴል፣ በጋራዥ ወይም በፋብሪካ ውጫዊ ግድግዳ ላይ የሚሳልን ሥዕል የአካባቢው አስተዳደር የሚመረምርበት፣ የሚፈቅድበት ወይም እንዲጠፋ የሚያዝበት አሠራር ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌሎቹ ክፍለ ከተሞች፣ የግድግዳ ሥዕልን ለብቻው የሚመለከት የፌዴራል አዋጅ የለም። ሥዕሉ የሚዳኘው ለሌላ ጉዳይ በወጡ ሕጎች ነው፤ በተለይም በማስታወቂያ ሕግ። ከዚህ የተነሣ የአንድ ሥዕል ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው «ይህ ሥዕል ነው ወይስ ማስታወቂያ?» ለሚለው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

አካባቢው

አቃቂ ወደ አዲስ አበባ ከመጠቃለሏ በፊት ራሷን የቻለች የፋብሪካ ከተማ ነበረች። ዛሬም የክፍለ ከተማው መልክ የኢንዱስትሪ ነው። የጨርቃ ጨርቅና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖች፣ በቂሊንጦ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የሄኒከን ቢራ ፋብሪካ ይገኙበታል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የደቡብ መስመሩ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። የፋብሪካ አጥሮች ረጃጅም ናቸው፤ በደብረ ዘይት መንገድ የሚያልፈው ጭነት መኪናና መንገደኛም ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ባዶ ግድግዳ ዋጋ አለው።

በእንዲህ ዓይነት ሰፈር የተለመደው ሥዕል የሙያ ምልክት ነው። ሥጋ ቤት በሬ ያስላል፣ ጁስ ቤት ፍራፍሬ፣ ፀጉር ቤት የተስተካከለ ራስ፣ ጎሚስታ ጎማ። ይህ ልማድ ማንበብ የማይችለውም ደንበኛ የሚፈልገውን ቤት እንዲያገኝ ሲረዳ ኖሯል። በኮምፒዩተር የሚታተም ባነር ከተስፋፋ ወዲህ ግን የእጅ ሠዓሊው ገበያ ጠቧል።

ሥዕል ወይስ ማስታወቂያ

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ለ«የውጭ ማስታወቂያ» የሰጠው ትርጉም ሰፊ ነው። ከቢልቦርድ፣ ከባነርና ከፖስተር ጋር በሕንፃ ወይም በሌላ ግንባታ ላይ የሚሠራ ጽሑፍና ሥዕልም ይገባበታል። የዕቃ ወይም የአገልግሎት ሽያጭን ለማስፋፋት የሚነገረው ብቻ ሳይሆን ስምን፣ አርማን፣ የንግድ ምልክትን ወይም ዓላማን የሚያስተዋውቀውም ማስታወቂያ ይባላል።

እንግዲህ መለያው የሥዕሉ ውበት ሳይሆን የሚሰጠው አገልግሎት ነው። በሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ የተሳለ በሬ «እዚህ ሥጋ ይሸጣል» ስለሚል ከማስታወቂያ አይርቅም። ያው በሬ ቀንበር ተጭኖ ከገበሬው ጋር በአንድ መጻሕፍት መደብር ግድግዳ ላይ ቢሳል ግን የሚሸጠው ነገር የለም። ሥዕሉ አንድ፣ ሕጉ ሁለት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ እንቆቅልሽ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በአርሊንግተን ቨርጂኒያ፣ ባለቤቶቻቸው ሥራ ሲውሉ ውሾችን ተቀብሎ የሚጠብቅ አንድ ድርጅት በጀርባ ግድግዳው ላይ ሲጫወቱ የሚታዩ ውሾችን አሳለ። አስተዳደሩ ውሾቹ ከንግዱ ጋር ስለሚገናኙ ሥዕሉ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ የንግድ ምልክት ነው አለ፤ ከንግዱ ጋር የማይገናኝ ሥዕል ቢሆን ኖሮ ገደቡ ባልነካው ነበር። ባለቤቷ ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለአስተዳደሩ ፈረደ።

በአዲስ አበባ ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላው ጉዳይ የቀለሙን ወጪ ማን ይሸፍናል የሚለው ነው። የመጠጥ ኩባንያዎች የግሮሰሪዎችንና የመጠጥ ቤቶችን ግድግዳ በራሳቸው ቀለምና አርማ ማስቀባታቸው የታወቀ ነው። ለባለ ቤቱ ነፃ ዕድሳት ነው፤ ለኩባንያው ርካሽ ማስታወቂያ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያን ስለከለከለና የአልኮልንም በብርቱ ስለገደበ፣ የእንዲህ ያለው ግድግዳ ጉዳይ ከውበትና ከፈቃድ አልፎ ወደ ጤና ሕግ ይሻገራል።

የግድግዳው ባለቤት

በኢትዮጵያ ሕግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ሆኖም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በሠራው ሕንፃ ላይ ሙሉ መብት አለው። ግድግዳው የግል ነው፤ የቆመበት መሬት ግን የግል አይደለም። ብዙ ነጋዴ ደግሞ ተከራይ ስለሆነ ሥዕል ለማሳል አስቀድሞ የአከራዩን ይሁንታ ማግኘት አለበት። ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት የቀበሌ ቤቶች አንዱ ከሆነ አከራዩም ተቆጣጣሪውም መንግሥት ይሆናል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 በበኩሉ ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጽን በግልጽ ይጠቅሳል። ይህ ነፃነት በሐሳቡ ይዘት ወይም ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ምክንያት እንዳይገደብም ይደነግጋል። በወረዳ ደረጃ ግን ክርክሩ እዚህ አንቀጽ ላይ የሚደርሰው ስንት ጊዜ ነው? ነጋዴው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ደንብ አስከባሪውን ነው፤ የሚጠየቀውም ስለ ሐሳቡ ሳይሆን ስለ ፈቃድ ወረቀቱ ነው።

የቀለም ጉዳይ

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተስፋፋው የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ሕንፃዎች በግራጫና በተቀራራቢ ቀለማት ተቀብተዋል። ደጋፊዎች የተዝረከረከው ከተማ ወግ ያዘ ሲሉ፣ ተቺዎች ደግሞ ሰፈሮች መለያቸውን አጡ ይላሉ። ለግድግዳ ሥዕል ግን ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው፤ የፊት ገጽታው አንድ ወጥ ቀለም እንዲይዝ በታዘዘ መንገድ ላይ ሥዕሉ ማስታወቂያ መሆን አለመሆኑ ለውጥ አያመጣም።

የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ሁለቱንም አይታለች። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የውጭ ማስታወቂያን ከከተማዋ ስታስወግድ ባዶ የቀሩት ግድግዳዎች ለሠዓሊዎች ተረፉ። በ2017 አዲሱ ከንቲባ በአንድ ታላቅ ጎዳና ዳር የነበሩ ሥዕሎችን በግራጫ ሲያስቀቡ ግን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ።

ሠዓሊው

በዚህ ሁሉ ብዙም የማይነሣው ሥዕሉን የሠራው ሰው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልን ይጠብቃል። ሥራው ክብሩንና ዝናውን በሚጎዳ መንገድ ሲጣመም ወይም ሲቆራረጥ ሠዓሊው መቃወም እንዲችልም መብት ይሰጠዋል። ግድግዳው የሌላ ሰው፣ ቀለሙ በሌላ ሰው የተከፈለበት ሲሆንም ይህ የሞራል መብት ከሠዓሊው ጋር ይቀራል። ሥዕሉን ጨርሶ በቀለም መሸፈን ከማጣመም ይቆጠራል ወይ የሚለው ግን ከአዋጁ ቃላት በቀላሉ የሚነበብ አይደለም።

ውሳኔው ያልተዋጠለት ነጋዴ አቤቱታውን በወረዳና በክፍለ ከተማ ለሚገኙ ቅሬታ ሰሚ ክፍሎች፣ ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል።