አርባና ሰማንያ፦ ወንድና ሴት በቤተ ክርስቲያን

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ይህን የማያውቅ ምእመን የለም። ምክንያቱን ሲጠየቅ ግን ብዙው ሰው «ሴት ስለሆነች ነዋ» ብሎ ያልፈዋል።

ምክንያቱ በመጽሐፈ ኩፋሌ ተጽፏል። አዳም ገነት የገባው በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ እንደሆነ ይናገራል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ለወላዲቱ የተመደበው የመንጻት ጊዜም በዚሁ ልክ ነው። ቀኑ እንግዲህ የመግቢያ ቀን ነው፤ ውስጥ የሚጠብቃቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም በአንድ ጥምቀት ይጠመቃሉ፣ በአንድ ሜሮን ይቀባሉ፣ ዕለቱኑ ቅዱስ ቁርባን ይቀበላሉ። በቅዳሴም ሴቶች በቀኝ፣ ወንዶች በግራ ይቆማሉ፤ ቀኝ ደግሞ በመጽሐፍ የክብር ቦታ ነው።

ጠንካራው ድንበር ያለው ክህነት ላይ ነው። ዲቁና፣ ቅስናና ጵጵስና ለወንድ ብቻ ይሰጣል። አባቶች ክርስቶስ 12ቱን ሐዋርያት ከወንዶች መርጧል፣ ካህኑም በመሠዊያው ፊት የእርሱን ምሳሌ ይዞ ይቆማል ይላሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም አቋሟ ይኸው ነው፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1994 በጻፉት ደብዳቤ አጽንተውታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ መቅደስ የተከለከለችው ሴት ብቻ አይደለችም። ያልተካነ ወንድም ከመጋረጃው ውጭ ነው የሚቆመው።

በወንጌላውያን ዘንድ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል። የመጋቢ ዋና ሥራ ማስተማርና መምራት ስለሆነ ክርክሩ ሴት ጉባኤን ታስተምራለች ወይ የሚል ይሆናል። አንዱ ወገን 1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 2ን ይጠቅሳል፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ሴት እንድታስተምር አልፈቀደም ይላል። ሌላው ወገን ይኸው ጳውሎስ በገላትያ 3፥28 በክርስቶስ ወንድና ሴት አንድ ናቸው ማለቱን ያነሣል፤ ሮሜ 16ንም ይጨምራል። በዚያ ምዕራፍ ፌቤን «አገልጋይ» ተብላለች፤ በግሪኩ ያለው ቃል እኛ «ዲያቆን» የምንለው ቃል የወጣበት ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተወያይታ እ.ኤ.አ. በ1997 የሴቶችን ቅስና ፈቀደች።

በቤት ውስጥስ? ሚስት ለባሏ ትገዛ የሚለው የኤፌሶን ምዕራፍ 5 ቃል በየሠርጉ ይሰማል። ከእሱ ቀጥሎ ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደደ፣ ራሱን አሳልፎ እስከ መስጠት ድረስ እንዲወድ መታዘዙን ግን የሚያጎላ ጥቂት ነው። ከባድ ሸክም የወደቀው በባልየው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። መገዛትም ወሰን አለው፤ ወሰኑን ያሳየችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። ባሏ የአፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ነበር። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያዘነብል ባሏን ትታ መነኮሰች፤ ወንዶችም ሴቶችም ያሉባቸውን የምናኔ ማኅበራት በጣና ዙሪያ መራች። ካህን አልነበረችም። ገድሏ በ1672 እ.ኤ.አ. ተጽፏል፤ ቤተ ክርስቲያንም ባሏን ትታ የሄደችውን ሴት በቅድስና ታስባታለች።

ስለዚህ አንድ ነገር ለሴት ሲከለከል መጠየቅ ያለበት፣ ክልከላው ከክህነት የመጣ ነው ወይስ ከአካባቢ ልማድ? የሚለው ነው። ብዙ ቦታ ሁለቱ ተቀላቅለዋል። ቅኔን እንውሰድ። ቅኔ ክህነት አይጠይቅም፤ ያም ሆኖ ለዘመናት የወንድ ትምህርት ሆኖ ኖሯል። በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ ከአባታቸው ከቅኔ መምህሩ ተምረው ራሳቸው መምህር ሆኑ። ወንዶች ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንጠልጥለው ከሩቅ እየመጡ በእሳቸው እግር ሥር ተቀምጠዋል።