ተነስታ ወዲያው ለምትጠፋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የተሠራች ባለ 1.6 ሊትር ኤምኤክስ-5 ለወራት ቆማ ስትነሳ ወዲያው ከጠፋች፣ ያረጀውን ቤንዚን ቀይሩ፤ የነዳጅ ፓምፕ ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። ቁልፉ ማስነሻው ላይ እስካለ ፓምፑ ይሠራል፤ ሲለቀቅ የሚያሠራው በአየር መለኪያው ውስጥ ያለው ስዊች ነው። የሚገባው አየር የመለኪያውን ክዳን ካልገፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ሞተሩም ይጠፋል።

ስለዚህ ከመለኪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የላስቲክ ቱቦ ፈትሹ፤ ከተሰነጠቀ አየሩ በመለኪያው ሳያልፍ ይገባል። እጥፋቶቹን ገለጥ አድርጉ፤ ስንጥቁ እዚያ ይደበቃል።

ለማረጋገጥ በዲያግኖስቲክ ሳጥኑ ውስጥ ኤፍ/ፒ (F/P) እና ጂኤንዲ (GND) የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝታችሁ አስነሱ። ሞተሩ ካልጠፋ ፓምፑ ደህና ነው። ሽቦውን ሳታነሱ ግን ፈጽሞ እንዳትነዱ! ሞተር በአደጋ ሲቆም ነዳጁን የሚያቋርጠው ያው ስዊች ነው።