ኩፐር ትክክል ነበር?

ሕግ የተማረ ሰው ፊልም ሲያይም መፍረድ አይተውም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ደግሞ ሙግት የማያጣ አስፈሪ ፊልም ነው።

ሙታን ተነስተው ሕያዋንን ይበላሉ። ሰባት ሰዎች አንድ የገጠር ቤት ውስጥ ተሸሽገዋል። ቤን በርና መስኮቱን በሳንቃ ዘግተን እዚሁ እንከላከል ይላል። ሃሪ ኩፐር ደግሞ ምድር ቤት ወርደን እንቆልፍ ባይ ነው። ተመልካች ቤንን ይወዳል፤ ኩፐርን ይጠላል፤ ጯሂ ነው፣ ፈሪ ነው፣ ራስ ወዳድ ነው።

ይሁንና ቤቱ ሲደፈር ቤን ሌሊቱን የተረፈው ምድር ቤት ገብቶ ነው። «ታዲያ ኩፐር ትክክል ነበር» የሚሉ ተመልካቾች ማስረጃቸው ይኸው ነው።

እኔ በዚህ አልስማማም። የተነከሰችው የኩፐር ልጅ የተኛችው እዚያው ምድር ቤት ነበር። ሞታ ተነስታ እናቷን ገደለች። ሁሉም ቢወርዱ ኖሮ አደጋውን አብረው በቆለፉበት ነበር። ይህን ግን ሁለቱም አያውቁም። ሰው የሚመዘነው በወቅቱ በሚያውቀው እንጂ በውጤቱ አይደለም። ኩፐር ለቤን በር አለመክፈቱ ያስጠይቀዋል፤ ምክሩ ግን ከጠባዩ ተነጥሎ መታየት ነበረበት።

ሲነጋ የታጠቁ ሰዎች ቤንን ከሙታኑ አንዱ ነው ብለው ተኩሰው ገደሉት። ተዋናዩ ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነው። ሮሜሮ የመረጥኩት በችሎታው ነው ቢልም፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት የወጣን ፊልም ብዙዎች በሌላ ዓይን አዩት። ማን ነህ ብሎ የጠየቀው አልነበረምና።