ሰናድርና ውጅግራ

ሰናድርና ውጅግራ የሚባሉት ስሞች በጠመንጃ ታሪክ የአንድ ታላቅ ለውጥ ምስክሮች ናቸው። ቀድሞ ባሩድና እርሳስ በአፈ ሙዝ በኩል በዘንግ ይጠቀጠቅ ስለ ነበር፥ ወታደሩ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ለማጕረስ ይገደድ ነበር። እንግሊዞች በ1866 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዊውን የጃኮብ ስናይደርን ፈጠራ ተቀብለው፥ የ1853ቱን የኤንፊልድ ጠመንጃ በስተኋላው ቈርጠው ወደ ጐን የሚከፈት መዝጊያ አበጁለት፤ ጥይቱም ከነቀለሁ ከኋላ ይጐርስ ጀመር። ይኸው መሣሪያ በ1868 እሮጌ ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ተተኰሰ፤ በአፈ ሙዝ ለሚያጐርሰው ወገን ልዩነቱ መራራ ነበር።

ውጅግራ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ነው፤ ግራ የፈጣሪው የመኰንኑ የባዚል ግራ ስም ነው እንጂ ከቀኝና ከግራ ጋር ዝምድና የለውም። እርሱም በ1874 የሻስፖን የወረቀት ጥይት በናስ ቀለህ ተካ። ፈረንሳዮች በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለቤልን ሲቀበሉ፥ የተሻረው ግራ ወደ ገበያ ወጣ፤ በ1896 ዐድዋ ላይም በኢትዮጵያውያን እጅ ተገኘ።