ስለማይፈለግ ሐሳብና ስለማያልቅ ጥንቃቄ

የሰው ልብ በረኛ እንደሌለው ደጅ ነው፤ የተጠራውም ያልተጠራውም ሐሳብ ይገባበታል። ክፉ ሐሳብ በድንገት ያልመጣበት ሰው በምድር ላይ አይገኝም። ብዙው ሰው ግን «ምን ነካኝ» ብሎ ያልፈዋል፤ ሐሳቡም በመጣበት መንገድ ይሄዳል። ዛሬ በዚህ በቤተሰብ ገጽ ልንናገር የፈለግነው፣ ሐሳቡ አልሄድ ስላለው ሰውና አብረውት ስለሚኖሩት ቤተሰቦቹ ነው።

ነገሩ ይገለጥ ዘንድ ምሳሌ እናቅርብ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአማኑኤል ከተማ አንዲት ወይዘሮ አለች እንበል። ቤቷን በሚገባ የምታስተዳድር፣ ጾም የማትሽር፣ ልጇን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትወድ ናት። አንድ ቀን ሽንኩርት ስትከትፍ «በዚህ ቢላዋ ሕፃኑን ብወጋውሳ» የሚል ሐሳብ ብልጭ ይልባታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢላዋውን ሁሉ ትሸሽጋለች፤ ልጇን ታቅፋ ማጥባት ትፈራለች፤ ሐሳቡ ያረከሳት ስለሚመስላት የእንስራው ውሃ እስኪያልቅ እጇን ትታጠባለች፤ ሌሊትም እየተነሣች የበሩን መቀርቀሪያ ሰባት ጊዜ ትነካለች። ለቅዳሴ ብትሄድ ከቅጽሩ ውጭ ትቆማለች። ባሏንም «ጌታዬ፣ እኔ ክፉ ሰው እሆን?» እያለች በቀን ዐሥር ጊዜ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም «ኧረ በፍጹም» ይላታል። ጥቂት ታርፍና ወዲያው ደግሞ ትጠይቃለች።

ይህች ሴት አላበደችም፤ ልጇንም ልትጎዳ አትሻም። ሐሳቡ ይህን ያህል የሚያስጨንቃት፣ ከምትወደውና ከምታምንበት ነገር ሁሉ ጋር የሚጣላ ስለ ሆነ ነው። ሐኪሞች ይህን ደዌ በአጭሩ ኦሲዲ ይሉታል። በልዩ ልዩ አገር በተደረገው ጥናት፣ ከ100 ሰው ከ1 እስከ 3 የሚሆነው በዕድሜው ውስጥ ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ወይም በጉልምስና መግቢያ ሲሆን በዘር የመውረድ ጠባይም አለው።

ደዌው አዲስ አይደለም። በሰባተኛው መቶ ዓመት የደብረ ሲና አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ስለ መሰላል በጻፈው መጽሐፍ የአንድ መነኩሴ ታሪክ ይገኛል። መነኩሴው 20 ዓመት ሙሉ የስድብ ሐሳብ እየመጣበት ሥጋውን በጾምና በትጋሃ ሌሊት አደከመ፤ ነገር ግን አልረዳውም። በመጨረሻ ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ለአንድ አረጋዊ አባት ሰጠና በግንባሩ ተደፋ። አረጋዊውም አንብቦ ፈገግ አለ፤ የመነኩሴውን እጅ በገዛ አንገቱ ላይ አስደርጎ፣ ኃጢአቱ በእኔ አንገት ይሁን፣ አንተ ግን ከእንግዲህ ወዲህ ሐሳቡን ከቁም ነገር አትቍጠረው አለው። መነኩሴውም ከዚያ ክፍል ሳይወጣ ዐረፈ። የክርስቲያንን ጉዞ በምሳሌ የጻፈው እንግሊዛዊው ዮሐንስ ቡንያንም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1666 ባሳተመው የሕይወቱ ታሪክ፣ «ጌታህን ሽጠው» የሚል ሐሳብ ሌትና ቀን እንዳስጨነቀው ተናግሯል። ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ እንዲህ ያለውን ውትወታ ውስዋስ ይሉታል።

እኛ በችሎት ጽሕፈት ላይ ስለምንውል ነገሩን በክስ እንመስለዋለን። ሐሳቡ ከሳሽ ነው፤ መታጠቡና መቍጠሩ፣ ደጋግሞም መጠየቁ እንደ መልስ መስጠት ነው። ፍርድ ያገኘውን ነገር ይህ ከሳሽ በማግሥቱ እንደ አዲስ ያነሣዋል፤ በተመለሰለት ቍጥርም ይበረታል። ስለዚህ የሚጠቅመው መልሱን ማሳመር ሳይሆን፣ ከሳሹ እየጮኸም ቢሆን ዝም ብሎ ወደ ሥራ መሄድ ነው።

የዛሬው ሕክምናም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ቪክቶር ማየር የሚባል የሥነ ልቡና ዐዋቂ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ለንደን ውስጥ እንዳሳየው፣ በሽተኛው የሚፈራውን ነገር ቀስ በቀስ እንዲቀርብና የለመደውን ድርጊት እንዲተው ሲደረግ ፍርሃቱ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። ወይዘሮዪቱ በሐኪም መሪነት ቢላዋውን ይዛ ልጇ ባለበት ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ከዚያም አትታጠብም። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ክሎሚፕራሚን ያሉ መድኀኒቶችም አሉ፤ ነገር ግን ፍሬያቸው በደንብ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ስለ ሆነ፣ በሁለተኛው ሳምንት «አልረዳኝም» ብሎ መጣል አይገባም። ጸበል የሚጠመቅም ሰው መድኀኒቱን አያቋርጥ።

ለቤተሰብ የምንመክረው ይህ ነው። አትሣቁበት፤ «እምነት ጐደለህ» አትበሉት። የመቀርቀሪያውንም ቍጥር አብራችሁ አትቍጠሩለት። ጥያቄው ሲደጋገም «ይህ የደዌው ጥያቄ ነው፤ እኔ አንተን እወድሃለሁ፤ ለእርሱ ግን አልመልስም» በሉት። የነፍስ አባትም ንስሐ የተገባበትን ሐሳብ በየሳምንቱ ከመስማት ይልቅ፣ እንደ ሲናው አረጋዊ «ይበቃል» ብሎ ወደ ሐኪም ቢልከው ታላቅ በጎ ሥራ ሠራ። ነገር ግን ሰውዬው ድምፅ ሰምቶ «ታዝዣለሁ» ቢል፣ በሐሳቡም የማይጨነቅ ቢሆን፣ ያ ሌላ ደዌ ነውና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገራችን ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበረ። በ1995 ዓ.ም. የአእምሮ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን ከተጀመረ ወዲህ ሕክምናው ወደ ክፍለ አገርም ደርሷል፤ የአማኑኤል ከተማ ሰው በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሊታይ ይችላል። ብዙ ሰው ግን «አማኑኤል ገባ» እንዳይባል ፈርቶ ደዌውን ለዓመታት ይሸሽጋል። አማኑኤል ማለት ትርጓሜው እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ሆኖ ሳለ፣ ይህን ስም መሳለቂያ ማድረግ ለማንም ክብር አይሆንም። በቤቱ እንዲህ ያለ ሰው ያለው አንባቢ ዛሬውኑ አብሮት ይሂድ።