ከጆሮ ጫፍ ወደ ላይ ሲወጣ፦ መበሳትና ጥንቃቄው

በጆሃንስበርግ ቤሪያና አካባቢዋ፣ ፀጉር ከሚሠራበት ወንበር አጠገብ ጆሮና አፍንጫ የሚበሳበት ቤት አይጠፋም። ጄፒ በሚባለው የንግድ አካባቢ ሲነግዱ ውለው ወደ ሰፈሩ ለሚገቡ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን አገልግሎቱ ቅርብም ርካሽም ነው። ጆሮ መበሳትም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ብዙ ሴቶች በሕፃንነታቸው በመርፌና በክር ተበስተው፣ ቅቤ እየተቀባላቸው ድነዋል። ችግሩ የሚመጣው ይህንኑ ልምድ ይዘን ወደ ላይኛው ጆሮ ስንወጣ ነው።

የጆሮ የታችኛው ጫፍ ሥጋ ነው። ደም በደንብ ስለሚደርሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናል፤ ጥቂት ቢያመረቅዝም ሰውነት ይቋቋመዋል። የላይኛው ጠርዝ ግን ካርቲሌጅ የሚባል ልም አጥንት ነው። የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከሸፈነው ስስ ቆዳ ነው። በመካከላቸው መግል ከቋጠረ ልም አጥንቱ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ጆሮውም ተጨማድዶ ይቀራል። ምንም ሳይገጥመው እንኳ ለመዳን ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጃል። አፍንጫም ወራት ይወስዳል።

መሣሪያውም ልዩነት አለው። የመብሻ ሽጉጥ ጌጡን ራሱን በኃይል ገፍቶ ያስገባል። የጌጡ ጫፍ እንደ ውስጠ ክፍት መርፌ ስል ስላልሆነ ልም አጥንቱን ይጨፈልቀዋል። ፕላስቲክ ያለበት ሽጉጥ ደግሞ በእንፋሎት ጀርም የሚገድለውን መሣሪያ፣ የኦቶክሌቭን ሙቀት ስለማይችል በአልኮል ከመጠረግ አያልፍም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ከአንድ የጌጣጌጥ መሸጫ ላይኛውን ጆሮ የተበሱ ወጣቶች ፕስዩዶሞናስ በሚባል ባክቴሪያ ታመው ሆስፒታል እስከ መግባት ደርሰዋል። ሲጣራ ባክቴሪያው የተገኘው ለማጽጃ ይረጭ በነበረው ጠርሙስ ውስጥ ነው።

ሌላው አደጋ በደም የሚተላለፍ በሽታ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ ንጹሕ የሚመስል መርፌ ማስረጃ አይሆንም። ደቡብ አፍሪካ ክትባቱን ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው በ1995፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2007 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት አገር ቤት የተወለደ አብዛኛው ሰው አልተከተበም ማለት ነው።

የጆሃንስበርግ ከተማ የሕዝብ ጤና ደንብ ሰውነት መብሳትን ከፀጉርና ከውበት ሥራ ጋር ፈቃድ ከሚያስፈልጋቸው አገልግሎቶች መድቦታል። ፈቃዱን መጠየቅ ነውር የለውም። ከዚያ ዓይንዎን የሚበሳው ሰው እጅ ላይ ያድርጉ፦ አዲስ ጓንት ይጠለቃል? መርፌው ከታሸገ ከረጢት እፊትዎ ወጥቶ፣ ሥራው ሲያልቅ የሾሉ ነገሮች ወደሚጣሉበት ጠንካራ ዕቃ ይገባል? በኦቶክሌቭ ያለፈ ከረጢት ላይ ቀለሟን የቀየረች ምልክት አለች፤ እሷን ያሳዩኝ ይበሉ። ለመጀመሪያው ጌጥ ለሕክምና የሚሆን ቲታኒየም ይመረጣል። ርካሽ ጌጥ ውስጥ የሚገባው ኒኬል ብዙ ሰው ያሳክካል። ዘንጉም ለእብጠቱ ቦታ እንዲተው ረዘም ማለት አለበት።

እቤት የሚደረገው ጥቂት ነው። እጅን ታጥቦ፣ ከፋርማሲ በተገዛ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ማጠብና በንጹሕ ወረቀት ማድረቅ ይበቃል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አዲሱን ሥጋ ያቃጥላሉ፤ ቅቤና ቅባት ቆሻሻ ይይዛሉ። ጌጡን ማዟዟር፣ ቅርፊቱን መላጥ፣ በዚያ ጎን መተኛት መዳኑን ያዘገያሉ። በቤተሰቡ ከጠባሳ በላይ አብጦ የሚያድግ ኬሎይድ ያለበት ሰው ደግሞ ከመበሳቱ በፊት ደጋግሞ ያስብ፤ በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ይበዛልና።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መቅላትና ነጣ ያለ ፈሳሽ የተለመደ ነው። የላይኛው ጆሮ ከቀላ፣ ካተኮሰና ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ግን ጓደኛ ያስተረፈውን አሞክሳሲሊን አይዋጡ፤ ፕስዩዶሞናስን አይነካውም። ጌጡንም በራስዎ አያውጡ፤ ቀዳዳው ተዘግቶ መግሉን ውስጥ ሊያስቀር ይችላል። የመኖሪያ ወረቀት ነገር አሳስቦት ክሊኒክ ከመሄድ የሚዘገይ ብዙ ነው፤ በዚህ ሕመም ግን የሁለትና የሦስት ቀን መዘግየት የጆሮን ቅርጽ ያስከፍላል። በዚያው ቀን ይሂዱ።