ያውቁ ኖሯል? የናፍታሊን ዘመዶች

ከጋቢና ከሱፍ ኮት ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ የምትቀመጠው ነጭ የናፍታሊን ክኒን ማንም ሳይነካት እያነሰች ሄዳ እንደምትጠፋ ልብ ብለዋል? ሳትቀልጥ በቀጥታ ወደ ጋዝነት ስለምትለወጥ ነው። ብሉን የሚያባርረውም ይኸው ጋዝ ነው። ወደ ሰውነታችን ሲገባ ግን ኦክስጅን ይጨመርበትና ናፍቶልን ወደመሳሰሉ ዘመዶቹ ይለወጣል። ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት ቀይ የደም ሴሎቻቸው በእነዚህ ዘመዶቹ ምክንያት ይፈርሳሉ። እባክዎ፣ የአራስ ልጅ ልብስና ብርድ ልብስ ከናፍታሊን ጋር አያስቀምጡ።

ናፍታሊን 10 ካርቦንና 8 ሃይድሮጅን አለው። ካርቦኖቹ አንድ ግድግዳ እንደሚጋሩ ሁለት ክፍሎች የተጣበቁ ቀለበቶች መሆናቸውን ኤሚል ኤርለንማየር እ.ኤ.አ. በ1866 ሐሳብ አቀረበ። አንዱን ሃይድሮጅን አንስተን ሌላ ብንተካ ያለን ሁለት ዓይነት ቦታ ብቻ ነው፦ ለጋራው ግድግዳ የቀረበው አንደኛውና ራቅ ያለው ሁለተኛው።

ታዲያ እንግዳው የትኛው ላይ ያርፋል? ናፍታሊን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ በአብዛኛው አንደኛው ላይ፣ በ160 ዲግሪ ግን ሁለተኛው ላይ። አንደኛው ቦታ ቶሎ ይያዛል፤ ነገር ግን ከጎረቤት ክፍል ያለው ሃይድሮጅን ያጣብበዋል። ሙቀቱ ሲበረታ እንግዳው ተነቅሎ ወደ ሰፊው ቦታ ይዛወራል። ይህን ደጋግሜ ባወራው አልጠግበውም!

አሟሚው ብቻ ሲቀየርስ? በአሉሚኒየም ክሎራይድ እየታገዘ የሚገባው አሴቲል የተባለ ቡድን ካርቦን ዳይሰልፋይድ ውስጥ በብዛት አንደኛውን ቦታ ይይዛል፤ ናይትሮቤንዚን ውስጥ ደግሞ በብዛት ሁለተኛውን።

ሁለተኛው ቦታ ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተሸከመው ናፍቶል አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት፣ ለጥቂት ቢሊዮንኛ ሰከንዶች አሲድነቱ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ይጨምራል።

የልብ ምትን የሚያረጋጋው ፕሮፕራኖሎልና ሕመም የሚያስታግሰው ናፕሮክሲንም የናፍታሊን ቀለበቶች አሏቸው።

የሐረር ሙሽሮች እጅ ላይ የሚደምቀው ሂናስ? ቀለሙ ሎውሶን ይባላል፤ እነዚያው ሁለት ቀለበቶች ሦስት ኦክስጅን ተሸክመው ማለት ነው። የቅጠሉ ዱቄት በሎሚ ጭማቂ ተለውሶ ሲቆይ ቀለሙ ከቅጠሉ ይለቀቃል፤ ቆዳ ላይ ሲያርፍም ኬራቲን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ይተሳሰራል። ሊጡ ሲፋቅ ብርቱካናማ የነበረው እጅ በማግስቱ ወደ ቡናማ ቀይ ይጠልቃል። ሳሙና አያስለቅቀውም፤ የሚሄደው ቆዳው ራሱ ሲታደስ ነው።